ለሞተረኛ ልክ የሆነ ሌዘር ጃኬት

ክላሲክ የሚባለው የሞተር ሌዘር ጃኬት መነሻው በ1928 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ኧርቪንግ ሾት ከወንድሙ ጋር በ1913 ባቋቋመው ድርጅት የሞተረኛ ጃኬት ሠርቶ በሚወደው ሲጋር ስም «ፐርፌክቶ» አለው። ጃኬቱ ሎንግ አይላንድ በሚገኝ የሃርሊ ዴቪድሰን ሻጭ በኩል በ5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። ማርሎን ብራንዶ በ1953 በወጣው «ዘ ዋይልድ ዋን» ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ጃኬት ለብሶ ከታየ በኋላ ልብሱ ሞተር ነድተው በማያውቁ ወጣቶች ትከሻ ላይ ሁሉ ዋለ። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለው ሌዘር አብዛኛው የተሰፋው ቆሞ ለሚታይ ሰው እንጂ ሞተር ላይ ተቀምጦ ለሚጓዝ ሰው አይደለም። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልኬታቸው ግን የተለያየ ነው።

ክላሲኩ ጃኬት ላይ ለጌጥ ብቻ የተደረገ ነገር ጥቂት ነው። ዚፑ ከመሃል ወጥቶ ወደ ጎን የተሰፋው ደረት ላይ ሁለት የቆዳ ንብርብር እንዲደራረብና ነፋስ እንዳይገባ ነው። ኮሌታው በብረት ቁልፍ ወደታች የሚያዘው በፍጥነት ሲነዳ እየተርገበገበ ፊት እንዳይመታ ነው። ቁመቱ ወገብ ላይ የሚያበቃው ሲቀመጡ ሆድ ላይ እንዳይከመር፣ ኪሶቹ ሰያፍ የሆኑት የተቀመጠ ሰው እጁን በቀላሉ እንዲያስገባ፣ የእጅጌው ጫፍ ዚፕ ያለው ደግሞ ከጓንት ጋር እንዲገጥም ነው። ሌላው የታወቀ ዓይነት ከእንግሊዝ ሞተረኞች ጋር ስሙ የሚነሳው «ካፌ ሬሰር» ነው። ዚፑ ቀጥ ያለ፣ ኮሌታው አንገት ላይ የሚቆም አጭር፣ ቀበቶ የሌለው ነው። ክረምት ላይ የዝናብ ልብስ ከላይ ለሚደርብ ሰው ይህ ሁለተኛው ይሻላል፤ የፐርፌክቶ ሰፊ ኮሌታና የቀበቶው ዘለበት ከዝናብ ልብስ ስር ይጎረብጣሉ።

በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ ማዕከል በፍላቂት፣ ሞተር የሥራ መሣሪያ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ የእንስሳት ሐኪሙና ብድር የሚያስመልሰው ሠራተኛ ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚወስደውን አስፋልት ለቀው ወደየቀበሌው የሚገቡት በሞተር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብዙ ጊዜ ያማሃ ኤጂ 100 ወይም ዲቲ ነው፤ የግለሰቡ ደግሞ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ። እነዚህ ሁሉ ነጂውን ጀርባውን ቀጥ አድርገው የሚያስቀምጡ ናቸው። ሰሌን ላይ እንደተጋደመ ሰው የነዳጅ ሰልባትዮው ላይ ተኝቶ የሚነዳባቸው የእሽቅድምድም ሞተሮች በዚህ አገር መንገድ ላይ የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእሽቅድምድም የተሰፋ ጃኬት፣ ከፊቱ አጥሮ ከኋላው የረዘመው፣ እጅጌው ገና ከስፌቱ ወደፊት የታጠፈው፣ ኤጂ 100 ላይ ሲቀመጡበት ደረቱ ላይ ይጨማደዳል፤ ከአንገቱ ስርም ነፋስ ይገባበታል።

ሁለተኛው የአገሩ ጠባይ ብርድ ነው። የመቄት አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ጋሸና አካባቢ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ማለዳ ላይ የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የተጋለጠ ገላው የሚሰማው ብርድ 5 ዲግሪ ያህል ነው። አየሩ ራሱ 5 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ የሚሰማው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይኸው ነጂ ረፋዱ ላይ ወደ ተከዜ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀት ይጠብቀዋል። ጃኬቱ ጠዋት ሹራብ የሚያስደርብ፣ ቀትር ላይ ሹራቡ ወልቆ ሳይንዘላዘል የሚለበስ መሆን አለበት። ይህ ሁለት ልክ በአንድ ጃኬት መፈለግ ስለሆነ ከባዱ የምርጫ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። መልሱ ወፍራም ገበር ያለው ጃኬት መግዛት አይደለም። ቀጭን ገበር ያለው ወይም ገበሩ በዚፕ የሚወልቅ ጃኬት መርጦ ሙቀቱን ከውስጥ በሚደረብ ልብስ መቆጣጠር ነው።

ጋቢ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ከጃኬት ስር አይሆንም። ከላይ ተደርቦ ሞተር ላይ መውጣት ደግሞ ጫፉ ሰንሰለት ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ የሚገባ ልብስ መልበስ ነው። የሞተር ሰንሰለት የጨበጠውን ጨርቅ አይለቅም።

ቆዳው

ወሎ በቆዳ ስሙ የሚጠራ አገር ነው። በዓለም የቆዳ ገበያ ላይ «ባቲ» የሚባለው የፍየል ቆዳ ስሙን የወሰደው ከባቲ ከተማ ነው፤ ወፈር ያለ፣ የሚተጣጠፍና ውስጡ ንጹሕ በመሆኑ ይፈለጋል። በበግ በኩል ደግሞ «ሰላሌ» የሚባለው ለጓንት ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ቃጫው በጣም የተጠቀጠቀና ከገጽታው ጋር ትይዩ የተኛ በመሆኑ ስስ ተደርጎ ቢፋቅም በቀላሉ አይቀደድም። ፒታርድስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ለጎልፍ ጓንት የሚሆን ቆዳ ያመርት የነበረው ከዚሁ ቆዳ ነው።

ይሁንና ለጓንት ምርጥ የሆነው ለሞተር ጃኬት ምርጥ ነው ማለት አይቻልም። የልብስ በግ ቆዳ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለስላሳ ነው፣ ገላ ላይ ይተኛል፣ ሱቅ ውስጥ ሲለብሱት ደስ ይላል። ነገር ግን አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱበት የሚፈተነው የመቀደድ ጥንካሬ ሳይሆን የመፋቅ ጥንካሬ ነው፤ ስስ ቆዳ ቶሎ ያልቃል። ለሞተር ጃኬት የተለመደው ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። የፍየል ቆዳ በመካከል ይገባል፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ከከብቱ ቀለል ብሎ ከበጉ ይጠነክራል። በቀን ውስጥ ከሞተር እየወረደ በእግሩ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት ትከሻ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ ዳኝነቱ ግልጽ ነው፦ በጉ ለጓንት፣ ከብቱ ወይም ፍየሉ ለጃኬት።

ውፍረቱን ለማወቅ የፋብሪካ መለኪያ አያስፈልግም። ማንኛውም የባንክ ኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የጃኬቱ የታችኛው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆዳው ሁለት እጅ ነው። ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ከሦስት የተደራረበ ካርድ ጋር ማነጻጸር ነው። ሦስቱ ካርድ 2.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጃኬቱ እጥፍ ከዚያ እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ካለ ቆዳው ለመንገድ የሚሆን ነው። ሁለት ካርድ ብቻ ካከለ የከተማ ሽርሽር ልብስ ነው። ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ገብቶ ከሆነ ግን ይህ ሙከራ ያሳስታል፤ ያን ጊዜ የኮሌታውን ጠርዝ ወይም የኪሱን አፍ መመልከት ይሻላል።

በሰው ሰራሽ ሌዘር መታለል የተለመደ ነው። ፕላስቲኩ በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክርኑና ኮሌታው ላይ ይላላጣል፤ በግጭት ጊዜም ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። እውነተኛ ቆዳ የተቆረጠ ጠርዙ ላይ ቃጫ ይታይበታል፣ በጣት ሲጫኑት ዙሪያው በቀጫጭን መስመር ይሸበሸባል፣ የውስጥ ገጹ ሸካራ ነው። ላይተር አውጥቶ መለኮስ የድሮ ዘዴ ነው፤ የሰው ዕቃ ከማበላሸት በቀር የሚያረጋግጠው ነገር ትንሽ ነው።

በአገር ውስጥ ቆዳ ላይ ሁለት ዓይነት ጉድለት አዘውትሮ ይታያል። አንደኛው እከክ ነው። ቅማልና የበግ ቁንጫ መሰል ተባይ በበግና በፍየል ላይ የሚያመጣው በሽታ ሲሆን ቆዳው ለፍቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። የቆዳ ፋብሪካዎች ራስ ምታት ነው፤ ለጃኬት ገዢ ግን ዋናው ጉዳቱ መልክ ላይ ነው፣ ዋጋ ለመቀነስም ጥሩ ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በዓል ላይ በየቤቱ የሚታረድ በግና ፍየል በቸኮለ ቢላዋ ሲገፈፍ ከሥጋው ወገን ይቆራረጣል። ቁርጡ ከላይ ሳይታይ ቆዳውን ግማሽ ድረስ ሊያሳሳው ይችላል፤ ገበር ሲገባበት ደግሞ ጭራሽ ይደበቃል። ቆዳውን ወደ ብርሃን ወጠር አድርጎ ቀጥ ያለ ጠባሳ መፈለግ፣ በተለይም ትከሻና ክርን ላይ፣ የሚያስቆጭ ጊዜ አይወስድም።

ልኩ

ልክ የሚጀምረው ከትከሻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሌላው ሁሉ በሰፊ እጅ በመጠኑ ይስተካከላል፣ ትከሻ አይስተካከልም። የእጅጌው ስፌት መውደቅ ያለበት የትከሻ አጥንት በሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ክንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከወረደ ጃኬቱ ትልቅ ነው፤ ወደ አንገት ከገባ ትንሽ ነው፣ እጅ ወደ መሪ ሲዘረጋም ጀርባ ላይ ይጨንቃል።

ቀጥሎ ደረት። የገላው ልክ የሚወሰደው በቀጭን ሸሚዝ ላይ፣ በብብት ስር ሜትር አዙሮ፣ ትንፋሽ ሳይሳብ ነው። ጃኬቱ ደግሞ ዚፑ ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት ይለካና በሁለት ይባዛል። ጃኬቱ ከገላው ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ለሞተር ልክ ነው። ደረቱ 96 የሆነ ሰው ከብብት እስከ ብብት ከ52 እስከ 54 የሚሆን ጃኬት ይፈልጋል። ደጋ ለሚኖርና በየማለዳው ወፍራም ሹራብ ለሚደርብ ሰው ከፍተኛው ቁጥር ይሻላል፤ ከዚያ ማለፍ ግን አያስፈልግም። አንገት ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ለሚያነብ ሰው፣ የአውሮፓ የወንዶች ቁጥር በሁለት ሲባዛ የደረት ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቁጥር ደግሞ የደረት ልክ በኢንች ነው። የአውሮፓ 48 እና የአሜሪካ 38 አንድ ሰው ያለብሳሉ ማለት ነው። ኤል እና ኤክስ ኤል የሚሉት ፊደላት ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያዩ ከሜትር በፊት ሊታመኑ አይገባም።

ሰፊ ጃኬት ምቾት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሞተር ላይ ይፈርሳል። ነፋስ የገባበት ሰፊ ጃኬት እንደ ጆንያ ተነፍቶ አንገትን ወደ ኋላ ይስባል፣ ሙቀትም ያባክናል። ከሁሉ የከፋው ግን ውድቀት ላይ ነው። የወደቀ ሰው ሲንሸራተት አስፋልቱ ልብሱን ወደ ላይ ይገፈዋል፤ ሰፊ ጃኬት እስከ ብብት ይሰበሰብና ወገብና ጀርባ ባዶ ይቀራል። ክርን ላይ የተቀመጠው መከላከያ ስፖንጅም በሰፊ እጅጌ ውስጥ ዞሮ ወደ ክንድ ሥጋ ይሄዳል፣ አጥንቱ ራሱ መሬት ይመታል። በዚህ ምክንያት ልክ መሆን የማማር ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ጠባብ ጃኬትም የራሱ መዘዝ አለው። ነጋዴ ሁሉ «ይለቅልሃል» ይላል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ቆዳ በገላ ሙቀትና እንቅስቃሴ ክርኑ ላይ ይታጠፋል፣ ደረቱና ጀርባው ላይ በጥቂቱ ይለቃል፤ በግ ከከብት ይልቅ ይለቃል። ቁመት፣ የእጅጌ ርዝመትና የትከሻ ስፋት ግን አይለቁም። ዚፑ ተዘግቶ ሙሉ ትንፋሽ የማያስወስድ ጃኬት በሚቀጥለው ዓመትም አያስወስድም።

እጅጌ ቆሞ ሲለካ መርዘም አለበት። እጅ ተንጠልጥሎ ሲታይ የእጅጌው ጫፍ የአውራ ጣት ሥር ድረስ ቢወርድ ሰው ረጅም ነው ይላል። እጁ ወደ መሪ ሲዘረጋና ክርኑ ሲታጠፍ ያው እጅጌ ብዙ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ቆሞ የእጅ አንጓ ላይ በልኩ ያበቃ እጅጌ ሞተር ላይ አንጓውን ገልጦ ይተወዋል፣ በዚያ ክፍተት ደግሞ የጠዋቱ ብርድ እስከ ክርን ይገባል። የእጅጌውን ጫፍ ዚፕ ከጓንት ጋር አብሮ ዘግቶ መሞከር ያስፈልጋል። ጓንቱ ከላይ የሚመጣ ከሆነ እጅጌው ጠባብ፣ ከስር የሚገባ ከሆነ እጅጌው ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ሱቁ ጓንት ስለማይሰጥ ገዢው የራሱን ይዞ መሄድ ነው ያለበት።

ጀርባ ላይ ጥሩ ጃኬት ምስጢር አለው። ከሁለቱ ትከሻ ጀርባ ወደ ታች የሚወርድ እጥፋት ይኖረዋል፤ እጅ ወደ ፊት ሲዘረጋ ይከፈታል፣ ሲመለስ ይዘጋል። አንዳንዶቹ በእጥፋቱ ፈንታ ብብት ስር ተጨማሪ ቁራጭ ቆዳ ይሰፋላቸዋል። ሁለቱም የሌለው ጃኬት እጅ ሲዘረጋ ከወገብ ወደ ላይ ይሳባል። ለመንገድ የተሰፋውን ለፎቶ ከተሰፋው በቶሎ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

ቁመቱ ቆሞ ሲታይ ቀበቶ የሚታሰርበት ላይ ወይም ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ማብቃት አለበት። ከዚያ የረዘመ ሲቀመጡ ጭን ላይ ያርፍና ጃኬቱን ሁሉ ወደ አገጭ ይገፋዋል፤ ከዚያ ያጠረ ጀርባን ያጋልጣል። አንገቱ ሲዘጋ አንድ ጣት ማስገባት አለበት። ሄልሜት ተደርጎ ራስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር ኮሌታው የሄልሜቱን ጫፍ የሚገፋ ከሆነ መጋጠሚያ ላይ ወደ ኋላ መመልከት ችግር ይሆናል።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚፈትነው መስታወት ሳይሆን መቀመጫው ነው። ሞተሩ ውጭ ከቆመ ጃኬቱን ለብሶ እሱ ላይ መውጣት ነው፤ ሻጩ ካልፈቀደ ወንበር አዙሮ መደገፊያውን በሁለት እግር መካከል አድርጎ መቀመጥና መደገፊያውን እንደ መሪ መያዝ ይበቃል። ዚፑ እስከ ላይ ይዘጋ። እጅ ከፍሪሲዮን እስከ ፍሬን ያለውን ስፋት ይያዝ። በዚህ አቀማመጥ ላይ አምስት ደቂቃ መቆየት ሱቅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይመስላል፤ ግን የብብት ስፌት ክንድ ላይ መቁረጥ የሚጀምረውና የኮሌታው ጠርዝ ጉሮሮ ላይ የሚያሳክከው ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ከኋላ የቆመ ሰው ሸሚዝ ወጥቶ ወይም ወገብ ተገልጦ እንደሆነ ይመልከት። ከዚያ ክርን ታጥፎ የእጅጌው መከላከያ በእጅ ይዳሰስ፤ መሃሉ አጥንቱ ላይ ካልተቀመጠ ልኩ አይደለም። በመጨረሻ ኮረኮንች ላይ እንደሚደረገው ቆሞ፣ ጉልበት በጥቂቱ አጥፎ መሪውን መያዝ ነው። አስፋልት ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ሊያልፈው ይችላል፤ ወደ ቀበሌ የሚወርደው ግን የሚበዛው መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ በዚህ አቋም የማይመች ጃኬት ምንም አይሠራለትም።

ሴት ሞተረኞች የሚገጥማቸው ችግር የተለየ ነው። በሱቅ ያለው አብዛኛው የወንድ ልክ ስለሆነ ትንሹን ቁጥር እንዲወስዱ ይነገራቸዋል። ትንሹ የወንድ ቁጥር ግን ደረት ላይ ሲጠብ ትከሻ ላይ ይሰፋል፣ ዳሌ ላይ ደግሞ አይዘጋም። ከታች ጎኑ ላይ ዚፕ ወይም ማጥበቂያ ያለው ጃኬት የዳሌውን ችግር ያቀላል። የትከሻው ካልተቻለ ግን በልክ ማሰፋት ከመግዛት ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በመርካቶ ዙሪያ ሌዘር በልክ የሚሰፉ አሉ። ሞተረኞቹ ልካቸውን ሲሰጡ ቆመው ብቻ ሳይሆን እጃቸውን እንደ መሪ ዘርግተው ማስለካት አለባቸው፤ ሰፊው ሞተረኛ ካልሆነ ይህን ራሱ አይጠይቅም።

መከላከያና ስፌት

ክላሲክ ጃኬቶች ብዙዎቹ የትከሻና የክርን መከላከያ የላቸውም። ከውስጥ ኪሱ ካለ ስፖንጁ ለብቻው ተገዝቶ ይገባል፤ ኪስ ከሌለ ሰፊ ሊያበጅለት ይችላል። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቦታ ስለሚወስድ ጃኬቱ ሲለካ ስፖንጁ ገብቶ መሆን አለበት። በአውሮፓ ደንብ የትከሻና የክርን መከላከያ «ኢኤን 1621-1» የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከምቱ ወደ ገላ የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን የማይበልጥ ነው፣ ሁለተኛው ደረጃ ከ20። ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ወፍራምም ነው። ጃኬቱ ራሱ የሚመዘነው «ኢኤን 17092» በሚባለው ደንብ ሲሆን ከሦስት ኤ ጀምሮ በሁለት ኤ እና በአንድ ኤ ወደ ታች ይወርዳል። «ቢ» የሚለው የመፋቅ ጥንካሬ ኖሮት መከላከያ ስፖንጅ የሌለው ነው። ይህ ምልክት በአገር ውስጥ በተሰፋ ጃኬት ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ገዢው ስፌቱን በዓይኑ ማየት አለበት።

ስፌቱ ትከሻና ክርን ላይ ቢያንስ ሁለት ረድፍ ይሁን። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር መሆን አለበት፤ የጥጥ ክር በላብ ይበሰብሳል፣ ቆዳው ሳይጎዳ ጃኬቱ ይተረተራል። ክርኑ ላይ የሚያልፍ ጌጥ መሰል ስፌት ያለው ጃኬት ባይገዛ ይመረጣል፤ መሬት የሚነካው እዚያ ነው፣ ስፌት ደግሞ ከቆዳ ቀድሞ ይለቃል። ዚፑ የብረት፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ከኋላው ነፋስ የሚከለክል የቆዳ ምላስ ያለው ይሁን። የመቄት አቧራ የዚፕ ጠላት ነው። በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ በጧፍ ማሸት ከማንኛውም ቅባት ይሻላል፤ ሰሙ ያንሸራትታል እንጂ አቧራ አይሰበስብም።

ጥቁር ቀለም የሌዘር ባህል ነው። በዚያው የወረታ መንገድ ደብረ ዘቢጥ ላይ ጉም ሲወርድ ግን ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሞተረኛ ከኋላው ለሚመጣ መኪና አይታይም። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ከላይ መደረብ ቁመናውን ያበላሻል፤ ቢሆንም ይደረብ። ዝናብ የነካው ቆዳ ጥላ ውስጥ በሰፊ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ይድረቅ። እሳት ዳር የተሰቀለ እርጥብ ሌዘር ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ወደ ቀድሞ ልኩም አይመለስም።

ሳልባጅና ሰፊ

የመንገድ ጃኬት ለሚፈልግ ሰው የሳልባጅ ተራ ከአዲስ ዕቃ ሱቅ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ የሞተር ጃኬት ወፍራም ቆዳ፣ የጀርባ እጥፋትና ደህና ዚፕ ይዞ ከቀጭን አዲስ ጃኬት በታች ዋጋ ሊገኝ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ክርኑና ትከሻው ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተፋቀ ቆዳ ጃኬቱ አንድ ጊዜ መውደቁን ይናገራል፤ መፋቁ ጥልቅ ካልሆነና ስፌቱ ካልለቀቀ አሁንም ያገለግላል፣ ስፌቱ ከተከፈተ ግን ይተው። ቀጥሎ ብብቱና ኮሌታው ይታጠፋል። ላብ የበላው ቆዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ይህ ደግሞ በምንም ቅባት አይመለስም። ገበር መቀደዱ ቀላል ነው፤ የሰፈር ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ይቀይረዋል።

ሌዘር የሚያስተካክል ሰው ማወቅ ያለበት ዋና ነገር ቆዳ የመርፌ ቀዳዳን እንደማይረሳ ነው። ጨርቅ ተፈትቶ ሲሰፋ የድሮው ስፌት ይጠፋል፤ ቆዳ ላይ ግን ቀዳዳው ይቀራል፣ ውሃና ነፋስ ያስገባል፣ በዚያ መስመርም ይቀደዳል። ስለዚህ ማጥበብ ይቻላል፣ ማስፋት አይቻልም። የጎን ስፌት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊገባ ይችላል። ጫፉ ላይ ዚፕ የሌለው እጅጌ ያጥራል፤ ዚፕ ያለው ግን ዚፑ ወጥቶ እንደገና ስለሚገባ ሥራው ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያጠራጥራል። የወገብ ቁመት ይቀነሳል፣ አይጨመርም። ለዚህ ሁሉ ወፍራም ቆዳ የሚወጋ ማሽንና የቆዳ መርፌ ያለው ሰፊ ያስፈልጋል። የጨርቅ ሲንጀር 1.3 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳን ሁለት እጅ አጥፎ ሊሰፋ ቢሞክር መርፌ ይሰብራል ወይም ስፌቱን ይዘልላል። ትከሻው ልክ ሆኖ ሌላው ሰፋ ያለ ጃኬት ይገዛል፣ ይስተካከላልም። ትከሻው ልክ ያልሆነ ጃኬት በነጻ ቢሰጥም ለሞተር አይሆንም።